ክርስትና ሳይነሱ የሞቱት

«ሴት አይደለሽ እንዴ? ሴት ይደማታል።»

ይህን ያለኝን ሰው ሁሉ ሰብስቤ ባቆመው የደብረ ታቦርን የቅዳሜ ገበያ ይሞላልኛል። አዋላጇ ብላኛለች፣ ጎረቤት ብላኛለች፣ አንድ መነጽር ያደረገ የክሊኒክ ሰው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳያነሳ ብሎኛል፣ የገዛ አማቴም ብለውኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ብዕር የያዝኩት የሚጻፍ ነገር በዝቶልኝ አይደለም። እንደ እኔ «ሴት ይደማታል» ተብላ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ሴት ብታነበው ብዬ ነው። ደግሞ ለምን እዋሻለሁ፣ ንዴቴም አልወጣልኝም።

የተወለድኩት ከደብረ ታቦር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሆነ የገብስ አገር ነው። አባቴ የሞቱት እኔ ገና ነፍስ ሳላውቅ ነው። እናቴ ታላቅ እህቴን እናኑንና እኔን ይዛ ቀረች። «ወንድ ልጅ አልሰጣትም» ይሏታል ሰዎቹ፤ እሷም «ስንት ወለድሽ?» ሲሏት «ሁለት ሴት» ብላ ትመልሳለች። እኔም ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በሕፃንነቴ እንጥሌን ሲቆርጡኝ ሦስት ቀን ሙሉ ደማሁ አሉ። የቆራጩ እጅ ክፉ ነው ተባለና ነገሩ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰውነቴ በትንሽ በትልቁ ይበልዛል። እንስራ አዝዬ ስመለስ ጀርባዬ ይጠቁራል፤ ከልጆች ጋር ተላፍቼ ስገባ ክንዴ ላይ የጣት ምልክት ሳምንት ይቆያል። የወር አበባዬ የመጣ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን አላቆም አለኝ።

«እኔን ሦስት ቀን ነው የሚቆየኝ፤ እናኑም እንደ እኔው ናት። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቴ። ቀጥላ የምትለው ነገር ያለ ይመስል አፏን ከፈተች፤ ግን መልሳ ዘጋችውና ሌላ ጨርቅ ልታመጣልኝ ሄደች። ያን የተዘጋ አፍ ልብ ያልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከተማ ገብቼ ስፌት ተማርኩ። አንድ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ የአበሻ ልብስ መስፋት ጀመርኩ። መርፌ ጣቴን በወጋኝ ቁጥር ነጩ ሸማ ላይ የደም ነጠብጣብ ስለሚያርፍ ለደንበኛ የማሳየው ሁልጊዜ አጥቤ ነበር። እዚያው ሰፈር አንዳርጌን አገባሁ። አናጺ ነው፤ ዝምተኛና እጁ የለሰለሰ ሰው። ግን ክንዴና አንገቴ ሥር የሚታየው ብልዝ ለማን ይነገራል? ጎረቤት በላዬ ላይ ተማከረና አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ።

«አንተ ሰው» አሉት አንደኛው፣ «እንጨቱን ብትጠርብ ምን አለበት? ሴቲቱ ምን አደረገችህ?»

«አባቶቼ፣ አልነካኝም፤ ሰውነቴ ነው እንዲህ የሚሆን» አልኩ።

«የተመታች ሴት ባሏን ትሸፍናለች። እናውቃለን ልጄ» አሉኝ በርኅራኄ። አንዳርጌን አስምለውት ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሌ በሰው ፊት እጄን መያዝ ፈራ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን እንደ ብርጭቆ ነበር የሚነካኝ። ገና ልጅ ሳይመጣ ሕመሜ ትዳራችን መሃል ገብቶ ተቀመጠ።

የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነበር። ወፍራም፣ ጸጉሩ ጥቁር፣ ድምፁ ጎርናና። ስወልደው ብዙ ደማሁ፤ አዋላጇም ከላይ የጻፍኩትን ቃል አለችኝ። በስምንተኛው ቀን እንደ አገሩ ወግ ገራዥ ተጠራ። የሰፈሩን ልጆች ግማሹን የገረዙ፣ እጃቸው የተመሰከረለት አዛውንት ናቸው። እናቴ አራስ ልትጠይቅ ከገጠር መጥታ ነበር። ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ ሁለት እግሮቹን የያዘችው እሷ ናት።

ደሙ አልቆመም። አመድ ተደረገ፣ የሸረሪት ድር ተደረገ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ታሰረ። ጤና ጣቢያ ወስደነው አሽገው መለሱልን፤ እሽጉም ቀላ። በማግሥቱ ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ልጄ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ስጮህ እናቴ መጥታ አፌን በመዳፏ ያዘችው።

«ዝም በይ ልጄ፣ ዝም በይ። ክርስትና ላልተነሳ አይለቀስም። ለሚቀጥለው ይተርፋል።»

መዳፏ ገና የእሱን ደም ይሸት ነበር። ልጁን ያለ ፍታት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር ቀበሩት። ድንኳን አልተተከለም፣ እዝን አልመጣም። ስም እንኳ አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን አንዳርጌ ሥራ ገባ፤ እኔም እንዳልወለደች ሴት ሆንኩ።

ደሜ ግን እንደ ወለደች ሴት ነበር። አርባው ቀን አለፈ፣ ስልሳው ቀን አለፈ፣ ደሜ ይወርዳል። «ሐዘን ነው» አሉ። አማቴ እመት ካሳዬ ግን ሌላ ስም አገኙለት፤ ሾተላይ። የወለደችውን የሚበላ ክፉ ነገር ተጠግቷታል፣ ልጄ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ጀመር። አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ የምታሰፋ ሴት ይህን ሰምታ፣ የልጇን ልብስ ገና በግማሽ የተሰፋውን ተቀብላኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለፉትን ዓመታት አንድ በአንድ ብጽፍ አንባቢ ይሰለቻል፤ እኔም እንደገና እታመማለሁ። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ አለብሽ ብሎ መቀመጫዬ ላይ መርፌ ወጋኝ፤ የወጋኝ ቦታ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ሁለት ሳምንት በሆዴ ተኛሁ። ሌላው ደም ማነስ ነው አለኝ። ይሄ እንኳ እውነት ነው፤ ግን ደሜ የት እየሄደ እንደሚያንስ አልጠየቀም። ጉልበቴ ያለ ምክንያት ሲያብጥ ቁርጥማት ነው ተባለና ቤተሰብ መክሮ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰደኝ። ሌላው ሰው እየተደሰተ ይታጠባል፤ እኔ በሙቁ ውኃ የነከርኩት ጉልበት በማግሥቱ እጥፍ ሆነ። ለካ መገጣጠሚያዬ ውስጥ እየደማሁ ኖሯል። አንዱ ደግሞ ማሕፀንሽ ይውጣና ትገላገያለሽ አለኝ። ይህን ሰምቶ አንዳርጌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያን ቀን ካርዴን ይዤ ተነስቼ ወጣሁ። ለልጅ የነበረኝን ተስፋ ለቢላዋ አልሰጥም ብዬ ነው።

ባሕር ዳር የወሰደኝ ጥርስ ነው። ደብረ ታቦር የነቀልኩት አንድ መንጋጋ ስድስት ቀን ደማ። እናቴን ይዤ በሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ በላስቲክ ከረጢት ደም እየተፋሁ ነው። ሰዎቹ የሳንባ ሕመም መሰላቸውና መስኮት ከፈቱ። ሐሙሲት ስንደርስ ገበያ ቀን ነበር፤ ረዳቱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እቺን ሴትዮ እዚህ እናውርዳት፣ ሰው ታስጨርሳለች» አለ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የሁለት ሰው ሒሳብ ጨመረችለት፤ ከዚያ በኋላ ሳንባዬ ዳነ መሰለኝ፣ ዝም አለ።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ወንበር ብረት ነው፤ ከንጋት ጀምሮ የተቀመጠ ሰው ቀትር ላይም እዚያው ነው። ስሜ ተጠርቶ ስነሳ ከኋላዬ ያለች የእብናት ሴት ቀሚሴን ያዝ አደረገችኝ። የወር አበባዬ ከጥርሱ ጋር ገጥሞ ኖሮ ቀሚሴን አልፎ ነበር። ምንም ሳትናገር የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ።

«ነጠላሽን ላበላሽብሽ ነው» አልኳት።

«ይታጠባል እቴ! ሂጂ ግቢ፣ ተራሽ ያልፍሻል» አለችኝ።

ስሟን አልጠየቅኳትም። ስወጣ ሄዳ ነበር። ነጠላዋ ዛሬም ቤቴ አለ፤ አጥቤው ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት ተቆጥቼ የማላስታውሰው ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጎበዝም ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ደሜ በጊዜው እንደማይረጋ ያወቀ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠየቀኝ።

«ከእናትሽ ወገን ደም አልቆም ብሎት የሞተ ወንድ አለ? አጎት፣ ወንድም?»

«የለም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«አንቺስ ወልደሻል?»

እናቴ ከጎኔ ቀደም አለችና «አልወለደችም» ብላ መለሰችልኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሰው እንዴት የገዛ ልጁን በዝምታ ይክዳል? እንደዚያ ነው የተማርነው፤ ክርስትና ያልተነሳ አይቆጠርም። ሐኪሙ አንድ ነገር ጽፎ ነበር፤ መልሶ ሰረዘው።

«የጠረጠርኩት ሄሞፊሊያ የሚባል፣ ደም የማያረጋ የዘር ሕመም ነበር። ግን የሚታመሙት ወንዶች ናቸው፤ ሴት ታስተላልፋለች እንጂ እምብዛም አትታመምበትም። በዘራችሁም የለም።» የጉበት ምርመራ አዘዘልኝ፣ ደም ሰጠኝ፣ ላከኝ። በዚያ በተሰረዘው ቃል የተነሳ ሌላ አንድ ዓመት ተንከራተትኩ።

እንደገና አረገዝኩ። አንዳርጌ ሲሰማ ደስታውንና ፍርሃቱን መለየት አቅቶት የማንም ያልሆነ በርጩማ ሲልግ አመሸ። በአምስተኛው ወር ድዴ በራሱ ጊዜ መድማት ጀመረና ወደ ጎንደር ላኩኝ። እዚያ ያገኘኋት ሐኪም ሴት ናት፤ አነጋገሯ የጋይንት ነው፣ የእኛው አገር ሰው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ያንኑ መለስኩ። እሷ ግን አልሰረዘችም። ወንበሯን ወደ እናቴ አዞረች።

«እናቴ፣ እስቲ ለእኔ ብለው ክርስትና ሳይነሱ የሞቱትንም ይቁጠሩልኝ።»

 እናቴ የነጠላዋን ጥለት ትጠመዝዛለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትጠመዝዛለች።

«ሁለት» አለች በመጨረሻ። «ከእናኑ በፊት አንድ፣ ከእናኑ በኋላ አንድ። ወንዶች ናቸው። ሁለቱም በተገረዙ በማግሥቱ።»

«ከእርስዎ እናትስ?»

«ሦስት ይሉ ነበር። እኔ አላየሁም።» ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ ጨመረች፤ «የእሷም አንድ አለ። የመጀመሪያዋ አይደለም ይሄ።»

ወንድሞች ነበሩኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ጎንደር ሆስፒታል ወንበር ላይ ነው ወንድሞች እንደነበሩኝ የሰማሁት።

ደሜ ተመረመረ፤ ደም የሚያረጋው ነገር እኔ ዘንድ በጣም ጥቂት ነው፣ የታመመ ወንድ ያህል። ሴትንም ወንድንም የሚያደማ ሌላ ሕመም እንዳለና እሱ አለመሆኑን አጣራች። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሴት ልጅ ኤክስ የሚባል የዘር ክር ሁለት አላት፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ወንድ አንድ ብቻ ነው ያለው። የእኛ ቤት ሕመም ያለው በዚያ ክር ላይ ስለሆነ ብልሹውን የወረሰ ወንድ መጠባበቂያ የለውም። ሴት ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አትሠራባቸውም። ገና በማሕፀን ውስጥ እንደ ፍሬ ሳለች፣ እያንዳንዷ የሰውነት ቅንጣት ከሁለቱ አንዱን ታስተኛለች። የትኛው እንደሚተኛ ዕጣ ነው። አንዴ የተኛም አይነቃም።

እሷ በዕጣ አስረዳችኝ፤ እኔ የገባኝ በስፌት ነው። አንድ ትልቅ ልብስ የሚሰፉ ብዙ ልብስ ሰፊዎች ተቀምጠዋል እንበል። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጥቅል ክር ተሰጣቸው፤ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ የሚበጠስ። እያንዳንዱ ሰፊ አንዱን ጥቅል መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበትና በቀረው ይሰፋል፤ እርስ በርስ አይተያዩም፣ አይማከሩም። በእናቴ ዘንድ ግማሾቹ ጠንካራውን ያዙ፤ ልብሱ ቻለ። እናኑም ብልሹውን ወርሳ እንደሆነ እንደ እናቷ ችላለች። እኔ ዘንድ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ጠንካራውን ክር ቆለፉበት።

«ጠንካራው የማን ነበር?» አልኳት።

«የአባትሽ» አለችኝ።

አባቴን መልካቸውን እንኳ አላስታውስም። ያወረሱኝ ጤና በእያንዳንዷ ጠብታ ደሜ ውስጥ አለ፤ ተኝቷል። ስለዚህ ነገር ሳስብ ዛሬም እንባዬ ይመጣል፤ ምን እንደሚያስለቅሰኝ ግን በቅጡ አላውቅም።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን አልቻልኩም።

«እግሩን ይዘሽው ነበር» አልኳት እናቴን። «ሁለት ቀብረሽ፣ የሦስተኛውን እግር ያዝሽ።»

«የእኔዎቹን የገረዘው ሌላ ሰው ነው። እጁ ክፉ ነው አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። የአንቺኛው በእኒህ ሰውዬ እጅ ይቀናዋል አልኩ።»

«አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሾተላይ አለባት ብለው አባትሽ ሊፈቱኝ ለጥቂት ነው የቀሩት። አንቺን ደግሞ በእኔ ዳፋ ይፈቱሻል ብዬ ፈራሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ።»

ከዚያ እስክወልድ አላነጋገርኳትም። ገጠር አልተመለሰችም፤ ቤቴ ተቀምጣ ልብሴን ታጥባለች፣ እህል ታስፈጫለች፣ እኔ አላናግራትም። ከሕመሙ ሁሉ ያ ዝምታ ከፋኝ፤ ግን አልተውኩትም።

ጎንደር ሄጄ ወለድኩ። ፕላዝማ የሚባለውን፣ ቢጫውን የደም ውኃ፣ ከረጢት በከረጢት ላይ አንጠለጠሉልኝ፤ አንዳርጌና አናጺ ጓደኞቹ ደም ሰጡ። ወንድ ሆነ። ከእትብቱ ደም ወስደው አዲስ አበባ ላኩና ሐኪሟ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ ውጤቱ እስኪመጣ አይገረዝ፣ ጡንቻው ላይም መርፌ አይወጋ። በሰባተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት እመት ካሳዬ ገራዡን ይዘው መጡ። ያንኑ አዛውንት። ምላጩ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ብብታቸው ሥር ነበር።

«እናቴ፣ ሐኪሟ አይሆንም ብላለች፤ ወረቀቱም ይኸው» አለ አንዳርጌ።

«ሐኪሟ ናት የምታስጠምቀው? ሳይገረዝ ክርስትና ይነሳ? ሰው ምን ይለናል? ያኛው የሞተው በሾተላይ ነው፤ ለዚህኛው ጸሎት አስደርጌያለሁ፤ ወረቀት እኔ አላውቅም!»

አንዳርጌ መሬት መሬት አየ። ዕድሜውን ሙሉ ለእናቱ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። አንድ እርምጃ ከበሩ ዘወር ሲል አየሁት። እኔ ልጁን አቅፌ አልጋ ላይ ነኝ። «እመይቴ፣ አይግቡብኝ! በእግዚአብሔር ይሁንብዎ!» አልኩ።

እናቴ ጓዳ አጥሚት ታማስል ነበር። ማማሰያውን እንደያዘች ወጥታ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እመት ካሳዬ፣ ይስሙኝ። ሾተላይ የሚሉት ከእኔ ቤት ነው የመጣ፣ ልጄን ይተዉአት። ሁለት ወንድ ልጆች በተገረዙ በማግሥቱ ቀብሬያለሁ። ስም አላወጣሁላቸውም፣ አላለቀስኩላቸውም፣ ሰው ሲጠይቀኝ አልወለድኩም ብያለሁ። እናቴ ሦስት ቀብራለች። የዚችን ልጅ ደግሞ እግሩን በዚህ እጄ ይዤ አስገድየዋለሁ። ስድስት ናቸው። ሰባተኛውን የሚነካ ሰው በእኔ ላይ ተራምዶ ይግባ!»

ከማማሰያው አጥሚቱ እግሯ ላይ ይንጠባጠባል፤ ትኩስ ነው፤ እሷ አላወቀችውም። እመት ካሳዬ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አዛውንቱ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «እጄ ምን ሆኖብኝ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምነው ልጆቼ፣ ምነው አንድ ሰው ቢነግረኝ?» ምላጫቸውን እንደተጠቀለለ ይዘው፣ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ወጡ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። ይህን አንደበት ያን ጊዜ የት አስቀምጣው ነበር? ስድስት ዓመት ቀድማ ብትቆም ኖሮ ልጄ ዛሬ ፊደል ይቆጥርልኝ ነበር።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ልጄ ሕመሙ አለበት። ምላጩ ነክቶት ቢሆን ኖሮ ወይራው ሥር ሁለተኛ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። የንስሐ አባታችን ወረቀቱን አስነብበው «ሕይወት ይቀድማል፤ ግርዛቱ ይቆየው፣ ይጠመቅ» አሉ። እንግዲህ ዛሬ ልጄ ይድሃል። ጉልበቱ ሁልጊዜ እንደበለዘ ነው። አንዳርጌ የቤቱን ዕቃ ማዕዘን በሙሉ በመላጊያ አለዝቧል፤ እኛ ቤት ሹል ጠረጴዛ አታገኙም። ደም የሚያረጋው መድኃኒት ጎንደር ሲኖር ይኖራል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። እኔ የወር አበባዬን የሚቀንስ ኪኒን ተሰጥቶኝ ወደ መኪናዬ ተመልሻለሁ። ድኛለሁ አልልም፤ የሚገድለኝን በስሙ አውቀዋለሁ፣ እሱ ብቻ ነው። እናኑንም አስመረምራታለሁ፤ ሴት ልጅ አላት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገሬ ሰው፤ ይላል እንጂ አያደርገውም። እናንተ ሐኪም «በዘራችሁ አለ ወይ?» ሲላችሁ ስም የወጣላቸውን ብቻ አትቁጠሩ። በአራስነታቸው የሞቱትን፣ ያልተለቀሰላቸውን፣ አያት በሹክሹክታ የምታነሳቸውን ቁጠሩ። «ሴት አትታመምበትም» ቢሏችሁ ደግሞ፣ ደብረ ታቦር አንዲት ልብስ ሰፊ አለች በሏቸው።

ልጄ ክርስትና የተነሳ ዕለት አርባ ቀኔ ሞልቶ ነበር፤ ደሜ ግን ስላላቆመ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልቻልኩም። አንዳርጌና የክርስትና አባቱ ልጁን ይዘው ገቡ። እናቴ «አብሬሽ እቆያለሁ» ብላ ውጭ ቀረች። ከአጥሩ ጥግ፣ ወይራው ሥር ተቀመጥን። የመጀመሪያ ልጄ የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሣር በቅሎበታል። ከውስጥ የካህናቱ ድምፅ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ የነካው ልጄ ጩኸት ተሰማ።

እናቴ ያን ጊዜ ጀመረች። መጀመሪያ ትከሻዋ ነበር፤ ከዚያ ድምፅ አወጣች። «ልጆቼ! ልጆቼ! ስም የለሾቼ!» እያለች፣ ደረቷን እየመታች፣ ለትልቅ ሰው እንደሚወረድ ሙሾ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ለቅሶ ነው። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዩን። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «ኧረ ዝም አሰኚያት፤ በክርስትና ቀን?» አለችኝ።

አፏን አልያዝኩትም። እንባዋንም አልጠረግኩላትም። ልጄን ይዘው እስኪወጡ ድረስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰማኋት።